በቁራኛ የታገደ እጅ

በመስከረም መጨረሻ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ፊት ለፊት ባለው የታክሲ ሰልፍ ላይ በአንድ ጎልማሳ ላይ የሁለት ጥርስ ፍርድ ተፈጸመ። ሰልፉ አልተበተነም። ከኋላው የነበረችው ሴት ጫማዋን ደም እንዳይነካው ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን አለች፤ ከፊቱ የነበረው ሰውዬ ቦታ እንዲይዝለት ተጠይቆ ያዘለት። አፈጻሚው ጥርሶቹን በላስቲክ ከረጢት አሸገ፣ ማኅተም መታበት፣ ሰውየውን አስፈርሞ ሄደ። ጎልማሳው አፉን በመዳፉ ይዞ ታክሲ ውስጥ ገባ። ሥራ ረፍዶበት ነበር።

አዝመራው ይህን ከመንገዱ ማዶ ቆሞ አየ። ሳያስበው ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። አጠገቡ የቆመው ይመርም አየ፤ ይመር ግን ኪስ የሚከተው ቀኝ እጅ የለውም። ሁለቱ ወገብ ለወገብ በቀጭን የብረት ገመድ ተያይዘዋል። የገመዱ ርዝመት ሦስት ክንድ ነው። ከኋላቸው አሥር እርምጃ ርቆ የራሳቸው አፈጻሚ ቆሟል። ስምንት ወሩ ነው እንዲህ ሲቆም።

የከተማው ሰው አፈጻሚን «ሙሽራው» ይለዋል። ነጭ ማሽን ነው፣ ሲራመድ አይቸኩልም፣ ማንም ደግሞ አይዘፍንለትም።

አዋጁ የወጣው በሁለት ሺህ ሰባዎቹ መጀመሪያ ነው። ያኔ የሕዝቡ ብሶት ሁለት ነበር፤ አንደኛው ፍርዱ ይላላል የሚል፣ ሁለተኛው የተፈረደውም አይፈጸምም የሚል። መንግሥት ሁለቱን ባንድ ቢላ ቆረጣቸው። ያጎደለ ባጎደለው ልክ ይጎድልበታል፤ ይኸውም በዚያው ቀን፣ በተገኘበት ቦታ። ይግባኝ ማለት መብት ሆኖ ቆየ፣ ነገር ግን ቢላውን አያቆመውም ነበር። ይህ ችግር መሆኑ የታወቀው አንድ የሒሳብ መምህር ጆሮው ከተቆረጠ ከአራት ወር በኋላ ይግባኙን ያሸነፈ ዕለት ነው። ጆሮው ተመለሰለት። በከረጢት፣ ከመሸኛ ደብዳቤ ጋር። ደብዳቤው ግርጌ «አባሪ፦ አንድ» ይላል።

ከዚያ ወዲህ ይግባኝ የጠየቀ ሰው የአፈጻጸም እግድ እንዲያገኝ ተፈቀደ። ይግባኙ እስኪወሰን ቢላው ይቆማል። የተፈረደበት ሰው በዚህ መሀል ጠፍቶ ቢቀርስ? ለዚህ ደግሞ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ሀገር በቀል መፍትሔ ፍለጋ ሐይቅ ዳር አንድ ሆቴል ውስጥ አምስት ቀን ተቀመጠና ቁራኛን ይዞ ወጣ። በጥንት ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ በኩታቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አብረው ይበሉና አብረው ይተኙ ነበር። ኮሚቴው ኩታውን በብረት ገመድ ተካው። ሪፖርቱ ይህንን «ማዘመን» ብሎታል።

ደንቡ አጭር ነው። ገመዱ ከሦስት ክንድ በላይ ከተሳበ ይፈታል። ከተፈታ እግዱ ይነሳል። እግዱ ከተነሳ ሙሽራው ይራመዳል።

የአዝመራው ፍርድ «ቀኝ እጅ» ይላል። አዝመራው ከቦርከና ማዶ ባሉት ባለ አሥራ አራት ፎቅ ሕንፃዎች ሊፍት ጠጋኝ ነው። ይመር በአንደኛው ሕንፃ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ የሚኖር፣ ምድር ቤቱ ላይ ፀጉር ቤት የከፈተ ሰው ነበር። በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ይመር ተነስቶ፣ ሊፍቱ የሚበላሸው ጠጋኙ ሰነፍ ስለሆነ ነው ብሎ ተናገረ፤ ሰውም ሳቀ። በማግስቱ ሊፍቱ ይመርን እንደያዘ ቆመ። ይመር በሩን ፈልቅቄ እወጣለሁ ብሎ እጁን በስንጥቁ ሲሰድ፣ አዝመራው ከታች ሆኖ ማስነሻውን ተጫነ። የሥር ፍርድ ቤት የይመርን ጩኸት ሰምቶ ነው የተጫነው አለ። አዝመራው የሞተሩ ድምፅ ነው የተሰማኝ አለና ይግባኝ ጠየቀ። ተራው ስምንት ሺህ አራት መቶ ስድስተኛ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሩጫ ነበሩ። ይመር ድንገት ይነሳና ይሮጣል፤ አዝመራው ገመዱ እንዳይሳብ ተከትሎ ይሮጣል። ይመር ከሚሄድ ታክሲ ላይ ይንጠለጠላል፤ አዝመራው አስፋልት ላይ እየተጎተተ በሩን ይጨብጣል። አንድ ማክሰኞ ይመር ከአምስተኛ ፎቅ ጀምሮ ደረጃውን ወደ ታች በረረ። አዝመራው ሦስተኛው ላይ እግሩ ከዳው፣ ቀሪውን በአገጩ ወረደ፣ ታች ሲደርስ የይመርን ጆሮ በጥርሱ ይዞ ነበር። ጠብ ሲነሳ ሙሽራው ቀይ መብራት ያበራና ይመዘግባል። ተጎጂው በሦስት ቀን ውስጥ አቤት ካላለ መዝገቡ ይሰረዛል። ይመር አቤት አላለም። የአዝመራው ጆሮ ምን ያደርግለታል? የሚፈልገው እጁን ነው።

በአራተኛው ወር ሁለቱም ደከሙ። አንድ ሳምንት ሁለተኛ ፎቅ አዝመራው ቤት፣ አንድ ሳምንት አሥራ አንደኛ ፎቅ ይመር ቤት ያድራሉ። የአዝመራው ሚስት ስንዱ በመሀል መጋረጃ ሰቀለች፤ ከመጋረጃው ወዲያ ይመር ሲያስነጥስ ከወዲህ «ይማርህ» ማለት ጀመረች፤ ከዚያም አንድ ቀን ይህን ማለቷ አስደነገጣትና እናቷ ዘንድ ሄደች። እንዳትሄድ አጥብቆ የለመናት ይመር ነው፣ ወጥ የምትሠራው እሷ ነበረችና። አርብ አርብ አዝመራው የመስጊዱ በር ላይ ገመዱ እስከሚያደርሰው ድረስ ተቀምጦ ጫማ ይጠብቃል። እሑድ ይመር ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ ቆሞ ስብከቱ ይረዝማል እያለ ያማርራል። ሊፍት ሲጠገን ባትሪ የሚያበራው ይመር ነው፤ እጁን የበላውን በር በትከሻው ደግፎ። ፀጉር ቤት ደግሞ ይመር በግራው መላጨት ስለተማረ፣ የደንበኛውን ጉንጭ ወጥሮ የሚይዝለት የአዝመራው ቀኝ እጅ ነው። ደንበኞች ይህንን ለምደውታል። አንዳንዱ፣ እጁ ከመቆረጡ በፊት ልድረስ ብሎ ተራ ያስይዛል።

ከጥርሱ ሐሙስ በኋላ ባለው ሳምንት አባጋሮች መጡ። በወሎ አባጋር ማለት ደም የተቃባን ሰው ጭምር የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው። ሁለት ነበሩ፦ ሼህ ወሌና ጋሽ ተፈራ። ሼህ ወሌ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ጠብ ሲያበርዱ ኖረዋል። ጋሽ ተፈራ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጥበቃ ናቸው፤ ለእርቁ የተመረጡት መዝገብ ቤቱን ያውቃሉ ተብሎ ነው። ሽምግልናው ሦስት ረቡዕ ፈጀ፣ ሕንፃው ጣሪያ ላይ፣ ውኃ ታንከሮቹ መሀል። ሙሽራው በጭነት ሊፍት ወጥቶ አሥር እርምጃ ርቆ ይቆማል።

በሦስተኛው ረቡዕ ሼህ ወሌ፣ እውነት ሳይወጣ ዱዓ አላደርግም አሉ። አዝመራው ወደ ይመር ሳይሆን ወደ ታንከሩ እያየ ተናገረ።

«ሰምቼህ ነበር» አለ። «ሁለት ጊዜ ጮኸሃል። በሁለተኛው ነው የተጫንኩት።»

ይመር የእጁን ጉማጅ በሌላው እጁ ያሻሽ ነበር።

«ሦስት ጊዜ ነው የጮህኩት» አለ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ጋሽ ተፈራ ለብዙ ሰው አውርተዋል። አዝመራው ድንጋይ ተሸክሞ የይመር እግር ላይ ወደቀ፤ ይመር ለረጅም ጊዜ አላነሳውም፤ አንስቶት ግን አንገቱን አቅፎ አለቀሰ። ስምንት ወር ሙሉ የካደ ሰው ሲያምን መስማት እጅ የማግኘት ያህል ነው ብሎ ለሽማግሌዎቹ ነገራቸው። ሼህ ወሌ መረቁ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ አሉ፤ በእርቅ ወግ ፋይሉ ከፍርድ ቤት መውጣት አለበት።

«ፋይሉ እዚያ ተቀምጦ ታርቀናል ብንል ማንን ነው የምናሞኘው?»

ሁሉም ተስማማ። በወሎ እርቅ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ታራቂዎች ተያይዘው ይሄዳሉ፣ ፋይሉን ያነሳሉ፣ ተመልሰው ይበላሉ። መዝገብ ቤት የተቀመጠው ፋይል የቱ እንደሆነ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ጋሽ ተፈራም አልጠየቁም፤ ሠላሳ ዓመት የጠበቁት በሩን ነው።

አርብ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ አራቱም መዝገብ ቤቱ መስኮት ፊት ቆሙ። ከኋላ ሙሽራው። አዝመራው «ይግባኜን በእርቅ ስለጨረስኩ ፋይሌን አንስቻለሁ» የሚል ማመልከቻ ሰጠ። የመዝገብ ቤቷ ሴት አነበበችው፣ ማኅተም መታችበት፣ እንኳን ደስ አላችሁ አለች። ገመዱ ከወገባቸው ተፈቶ መሬት ላይ ወደቀ። ይመር ወዲያው ወገቡን አከከ፤ ስምንት ወር ያሳከከው ቦታ ነበር። ሴትዮዋ ሰዓቷን አየች። አርብ ስለሆነ ምሳ ከአምስት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል ነው። መስኮቱን ዘጋች፣ ቦርሳዋን ያዘች፣ በጓሮ በር ወጣች።

ሙሽራው ተራመደ።

መጀመሪያ ማንም ልብ አላለም። አዝመራው ልብ ያለው ቀዝቃዛ ነገር አንጓውን ሲይዘው ነው።

«ይግባኝ የለም። እግዱ ተነስቷል። ቀኝ እጅ ይቅረብ።»

ሼህ ወሌ አፈጻሚውን እንደ ሰው ቀርበው፣ ልጄ፣ እነዚህ እኮ ታርቀዋል አሉት። እንኳን ደስ አላቸው አላቸው፤ ቀኝ እጅ ይቅረብ። ይመር መሀል ገብቶ፣ ባለመብቱ እኔ ነኝ፣ ትቼዋለሁ አለ። መተውዎን በማመልከቻ፣ በመዝገብ ቤት በኩል ያቅርቡ አለው። ጋሽ ተፈራ መስኮቱን በቡጢ መደብደብ ጀመሩ። የግቢው ጥበቃ ብቅ ብሎ፣ ጋሼ፣ እርስዎ እንኳ የምሳ ሰዓት ያጡታል እንዴ ብሎ ታዘባቸው።

ቢላው ከሙሽራው ደረት ሲወጣ ድምፅ አልነበረውም። አንጓውን ነካ፣ ቆዳው ላይ ቀጭን ቀይ መስመር አሰመረ፣ መስመሩ ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ አፍታ ቆመ። ይመር አዝመራውን ከኋላው በወገቡ አቅፎ ጎተተው። አዝመራው ማን እንደያዘው አላወቀም። ተጠማዝዞ በነፃው ክርን ወደ ኋላ መታ። የይመር የፊት ጥርስ ሲሰበር ሁሉም ሰማው።

ቀይ መብራት በራ። ቢላው ገባ፣ አንጓው ተለቀቀ፣ ሙሽራው አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ቆመ።

ነገሩ ቀድሞ የገባቸው ጋሽ ተፈራ ናቸው። «አዲስ ጠብ አየ» አሉ። «አዲስ ጠብ እየመዘገበ አይቆርጥም።»

ሰዎቹ እየተያዩ ቆሙ። መብራቱ ጠፋ፤ ሙሽራው አንድ እርምጃ ወደ ፊት አለ። አዝመራው የይመርን ትከሻ መታ መታ አደረገው። ይመር በጥፊ ዳበሰው። መብራቱ አልበራም።

«ጨዋታ» አለ ሙሽራው፣ ሁለተኛውንም እርምጃ ተራመደ።

«ልጆች፣ የምር ተመታቱ» አሉ ጋሽ ተፈራ።

ይመር አዝመራውን አየው። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሆኖ፣ «ሰምተኸኝ ነበር» አለ፤ በጉማጁ አፍንጫው ላይ አሳረፈበት። ደም የሲሚንቶውን ወለል ነካ። መብራቱ በራ።

አምስት ሰዓት ከሠላሳ አራት ነበር። መስኮቱ እስኪከፈት ሁለት ሰዓት ሊሞላ አራት ደቂቃ ጎድሎታል።

የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ላይ እየተራሩ ነበር የሚመታቱት። አንዱ ይመታል፣ ሌላው ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ተራውን ይመታል። ሆድ ይሻላል ተባባሉ፤ ነገር ግን ሙሽራው ተራ የተያዘለትን ጠብ በሦስተኛው ዙር ጨዋታ አለው፣ ስለዚህ ተራ ቀረ። ሼህ ወሌ ጁምዓ ሊያመልጣቸው ሲል ይቅርታ ጠይቀው ሄዱ። ሰግደው ሲመለሱ ከመስጊድ የወጣ ሰው ተከትሏቸው መጣ፣ ግቢው ሞላ። ጉዳይ ያለውም የሌለውም ከበበ። አንዲት ሴት ገላጋይ ሆና ልትገባ ስትል ሽማግሌው ራሳቸው ክንዷን ይዘው መለሷት። ሃምሳ ዓመት ሙሉ በሁለት ሰው መሀል ሲገቡ የኖሩ ሰው፣ አሁን ከዳር ቆመው መብራቱን ያያሉ፤ ሊጠፋ ብልጭ ብልጭ ሲል፣ «አይዞህ ይመርዬ፣ በደንብ ምታው» ይላሉ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አዝመራው ሁለት የጎን አጥንት ተሰብሮ ይተነፍስ የነበረው በአፉ ነው። የይመር ከንፈር ለሁለት ተከፍሏል። ሲተቃቀፉ፣ ግንባር ለግንባር ተደጋግፈው፣ አዝመራው ስንት ሰዓት ነው ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀ። ይመር አልመለሰም። አዝመራው ያን ጊዜ ነው የፈራው። ሰውየው እጁን ሊያተርፍለት መምታት የጀመረ ቢሆንም፣ ከመሀል የሆነ ቦታ ላይ ምክንያቱን ረስቶታል፤ ዓይኑ ያስታወቃል። «ሦስት ጊዜ» ይላል በየምቱ መሀል። «ሦስት ጊዜ ነው የጮህኩት።»

ሰባት ሰዓት ገደማ ይመር አዝመራውን ከመሬት አጣብቆ በጉማጁ ጉሮሮው ላይ ተኛበት። አዝመራው አየር አጣ። ቀኝ እጁ ወደ ላይ ሄዶ ፊት ዳበሰ፣ አውራ ጣቱ ለስላሳ ነገር አገኘ፣ ገፋ። የይመር ጩኸት ከግቢው አልፎ አስፋልት ላይ ተሰማ። አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸ። ግራ ዓይኑን በእጁ ሸፍኖ ተነሳ፣ ደም በጣቶቹ መሀል ይወርድ ነበር፣ መሬት ላይ የተዘረጋውን ቀኝ እጅ በቀረው ዓይኑ ፈለገው። በተረከዙ ረገጠው። ሲሚንቶው ላይ እንደ ደረቅ ጭራሮ ተንጣጣ። ደግሞ ረገጠው። ስንት ጊዜ እንደረገጠው የቆጠረ ሙሽራው ብቻ ነው፤ አሥራ አንድ ይላል መዝገቡ።

ሼህ ወሌ ፊታቸውን አዞሩ። መብራቱ እንዳይጠፋ መለመን አያስፈልግም ነበር።

መስኮቱ የተከፈተው ለስምንት ሩብ ጉዳይ ላይ ነው፤ ሴትዮዋ ታክሲ አጥታ ነበር። ጋሽ ተፈራ የመተው ማመልከቻውን ጽፈው ጨርሰው ይጠብቋት ስለነበር በመስኮቱ ጣሉላት። ይመር የቀረውን እጁን ጣት በደም አትሞበታል። ሴትዮዋ ወረቀቱን እያገላበጠች ሳለ ሙሽራው መጣ፣ መብራቱን አጥፍቶ፣ ከአዝመራው አጠገብ ተንበረከከ። የተዘረጋውን እጅ አነሳው፣ አገላበጠው፣ አንዳንዱን ጣት ለብቻው አጠፈው። አዝመራው ለመጮህም አልቻለም።

«አጥንት፣ አሥራ ሰባት ቦታ። ጅማት፣ የለም። ከጥቅም ውጪ። ፍርዱ ተፈጽሟል።»

ሴትዮዋ ማመልከቻውን መለሰችላቸው። የተፈጸመ ፍርድ አይተውም አለች፣ እሷም አዝና ነበር። አዝመራው መፈጸሙን እንዲፈርም ተጠየቀና በግራ እጁ ፈረመ። ፊርማው ከቀድሞው ጋር ስላልተመሳሰለ እንዲደግመው ተደረገ።

ከዚያ ሙሽራው ወደ ይመር ዞረ። ሴትዮዋ ከፊቷ ካለው ሰሌዳ አንብባ፣ የግራ ዓይንዎ ጉዳይ ተመዝግቧል፣ አቤቱታ ያቀርባሉ ወይ አለችው። ሼህ ወሌ ፈጥነው፣ ታርቀዋል እኮ ልጄ አሏት። እርቁ ከምሳ በፊት የነበረውን ነው የሚሸፍነው አለች።

አዝመራው መሬት ላይ ተቀምጦ ወደ ላይ ይመርን አየ። የሚለው ነገር ሁሉ ልመና ይመስልበታል።

«እስከ መቼ ነው?» አለ ይመር።

«እስከ ሰኞ። ሰባት ሰዓት ድረስ።»

«አስብበታለሁ።»

የከበበው ሰው መንገድ ከፈተላቸው። ክሊኒኩ ከአስፋልቱ ማዶ ነው። ሁለቱ እየተንገዳገዱ ከግቢው ወጡ፤ ገመድ የላቸውም፣ ከሦስት ክንድ በላይ ግን አልተራራቁም። አስፋልቱ ዳር ከባድ መኪና እያንባረቀ አለፈ። ይመር አላየውም ነበር፤ ነፋሱ ሲመታው ነው ወደ ኋላ ያለው። አዝመራው ቶሎ ብሎ በታወረው በኩል ዞረና ደህና እጁን አቀበለው።

«የት ነህ?» አለ ይመር።

«እዚሁ ነኝ። በግራህ።»

«በግራዬ አይታየኝም።» ይመር እጁን አልያዘውም። «በሚታየኝ በኩል ሂድ።»

አዝመራው በፊቱ ዞሮ ወደ ቀኙ ሄደ። አሥር እርምጃ ከኋላቸው ሙሽራውም አብሮ ዞረ።